መድኃኒቱን እየወሰዱ አንጎላቸው ለምን ሟሸሸ?

ጥያቄ፦ «እናቴ 72 ዓመቷ ነው። ፒያሳ ተወልዳ፣ ፒያሳ ወልዳ ያሳደገች ናት። ነገር መርሳት የጀመራት ከሦስት ዓመት በፊት ቢሆንም፣ በ2016 ሰፈራችን ፈርሶ አራት ኪሎ እኔ ጋ ከገባች ወዲህ በጣም ባሰባት። የነርቭ ሐኪም አልዛይመር ነው ብሎ ዶኔፔዚል ካዘዘላት 14 ወር ሆነ፤ አሁን 10 ሚሊግራም ማታ ማታ ትወስዳለች። መድኃኒቱን ከመጀመሯ በፊት የተነሳችው ኤምአርአይ ‹ከዕድሜ ጋር የሚሄድ መለስተኛ መሟሸሽ› ይላል። ባለፈው ወር ሌላ ቦታ የተነሳችው ግን ‹የሂፖካምፐስ መሟሸሽ ደረጃ 3፣ የነጭ ክፍል ለውጥ ደረጃ 2› ይላል። ቤተሰቡ በሙሉ ደነገጠ። አንጎሏን ያሟሸሸው መድኃኒቱ ነው? እናቁመው? ሌሊት ስለምትቃዥ ለእንቅልፍ አሚትሪፕቲሊን ታዞላታል፣ ለደም ብዛቷ ደግሞ አቴኖሎል ትወስዳለች። ልብስ ካላገዝኳት አትለብስም፤ ከጊዮርጊስ አስቀድሳ ስትወጣ መንገዱ ይጠፋታል። ሜሪላንድ ያለው ወንድሜ ‹አንጎል የሚያጥብ አዲስ መድኃኒት ወጥቷል፣ የቤቱን ካሳ ይዛችሁ ላኩልኝ› እያለ ነው። ምን እናድርግ?»

መልስ፦ የእናትዎን አንጎል ያሟሸሸው በሽታው ነው፤ መድኃኒቱ አይደለም። ስለዚህ ዶኔፔዚሉን በራስዎ ውሳኔ አያቁሙ፤ የካሳውንም ገንዘብ አይንኩት። ደብዳቤዎን ሳነብ እኔን ያስደነገጠኝ ከሁለቱ ፊልሞች ይልቅ በአንድ መስመር ያለፉት ነገር ነው፤ አሚትሪፕቲሊኑና አቴኖሎሉ። እዚያ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። አስቀድመን ግን ቤተሰቡን እንቅልፍ የነሳውን የኤምአርአይ ነገር እናጥራው።

አልዛይመር የሚጀምረው ሰው መርሳት የጀመረ ዕለት አይደለም። አሚሎይድ የሚባለው ፕሮቲን በአንጎል ሴሎች መካከል መከማቸት የሚጀምረው ምልክቱ ከመታየቱ 15 እና 20 ዓመት ቀድሞ ነው። ኋላ ላይ ታው የሚባለው ሌላ ፕሮቲን በሴሎቹ ውስጥ ይተበተብና ሴሎቹ ይሞታሉ። የሞተው ሴል የለቀቀውን ቦታ በአንጎል ዙሪያ ያለው ፈሳሽ ይሞላዋል፤ ሪፖርት ላይ «መሟሸሽ» ተብሎ የሚጻፈው ይኼ ነው። ቀድሞ ከሚጎዱት ክፍሎች አንዱ ሂፖካምፐስ ነው፤ በግራና በቀኝ፣ ከጆሮ ትይዩ ወደ ውስጥ የተቀመጠ፣ ትንሽ ጣት የሚያህል፣ የዛሬን ነገር ለነገ የሚያኖር ክፍል። እናትዎ የድሮውን ፒያሳ በር በበር እየቆጠሩ ቁርስ መብላታቸውን የሚረሱት ለዚህ ነው።

ጤነኛ አረጋዊ ከሂፖካምፐሱ በዓመት በአማካይ 1.4 በመቶ ገደማ ያጣል። አልዛይመር ያለበት ሰው ደግሞ 4.7 በመቶ ገደማ ያጣል። ስለዚህ በ14 ወር ውስጥ አንዳች ለውጥ ባይኖር ነበር የሚገርመኝ። ግን ልብ ይበሉ፤ አምስትና ስድስት በመቶ መቀነስ በዓይን ሲታይ ከ«መለስተኛ» ወደ «ደረጃ 3» የሚያዘልል አይደለም። እንዲህ ያለ ዝላይ ሳይ መጀመሪያ የምጠረጥረው ወረቀቶቹን ነው።

ያ «ደረጃ 3» የተባለው ቁጥር እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ከሚሠራበት መለኪያ የመጣ ነው። ራዲዮሎጂስቱ ፊልሙን በዓይኑ አይቶ ከ0 እስከ 4 ነጥብ ይሰጣል። በትክክል ለመስጠት አንጎል ከፊት ለፊት እንደሚቆረጥ ዳቦ፣ ሂፖካምፐሱን ተከትሎ በስስ በስሱ የተነሳ ምስል ያስፈልገዋል። አንዱ ማሽን በወፍራሙና በአግድም ብቻ ካነሳ፣ የማግኔቱ ጉልበት ካነሰ፣ ወይም እናትዎ ማሽኑ ውስጥ ተጨንቀው ጭንቅላታቸውን ካንቀሳቀሱ፣ ያ ክፍል በደንብ አይታይም። የመጀመሪያው ሪፖርት ጭራሹን ቁጥር አልሰጠም። «ከዕድሜ ጋር የሚሄድ» የሚለው ሐረግም ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ከ70 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ሲመጣ በልማድ ነው። በዚህ መለኪያ ከ75 ዓመት በታች ላለ ሰው 2 እና ከዚያ በላይ ጤነኛ አይባልም። እናትዎ ያን ጊዜም ደረጃ 2 ላይ የነበሩ ይመስለኛል፤ ያልተጻፈ ስለሆነ ብቻ አላወቃችሁትም።

እኔ ጋ አንድ ቤተሰብ እንዲሁ ሁለት ፊልም ይዞ መጥቶ ነበር። ልጅየው አንዱን «ደህና የነበረበት»፣ ሌላውን «የተበላሸበት» እያለ በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። ጎን ለጎን መስኮቱ ላይ ለጥፌ፣ የግራውን ሂፖካምፐስ ከግራው፣ የቀኙን ከቀኙ ሳስተያይ ልዩነቱ ከክር አይወፍርም። ተለይተው የነበሩት አንባቢዎቹ ናቸው። ስለዚህ እርስዎም የሁለቱን ምርመራ ሲዲ ይዘው ለአንድ ራዲዮሎጂስት ይስጡና በአንድ ቀን፣ ጎን ለጎን እንዲያነበው ይጠይቁ። ሌላ ኤምአርአይ ከማስነሳት ይኼኛው በብዙ ይሻላል።

አሁን ወደ ዶኔፔዚል። ይህ መድኃኒት እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ነው። በአልዛይመር ቀድመው ከሚሞቱት ሴሎች መካከል አሲቲልኮሊን የሚባለውን መልእክተኛ ቅመም የሚያመርቱት ይገኙበታል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ያለ ሮቶ አስቡ። የሚገባው ውሃ እያነሰ ሄዷል፤ በዚያ ላይ ከሥር የሚያንጠባጥብ ቀዳዳ አለው። ዶኔፔዚል ቀዳዳውን ያጠባል። ቤት ውስጥ ያለው ውሃ ለጥቂት ጊዜ ይበረክታል፤ ከመንገድ የሚመጣውን ቧንቧ ዝገት ግን አይነካውም። በጥናቶች የታየው ጥቅሙ በ70 ነጥብ መለኪያ ላይ ከ2 እስከ 3 ነጥብ ነው። ትንሽ ነው። አንዳንዱ ታማሚ ላይ ከዚህ በላይ ይታያል፣ አንዳንዱ ላይ ምንም አይታይም። በሽታውን እንዲያቆም ታስቦ የተሠራ ስላልሆነ ፊልሙ ላይ ማቆም ስላልታየ «አልሠራም» ማለት አይቻልም።

እንዲያውም አንጎል ያሟሽሻል የሚለውን ሥጋት የሚቃረን መረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የፈረንሳይ ጥናት በሽታው ገና በማቆጥቆጥ ላይ ላሉ ሰዎች ለአንድ ዓመት ዶኔፔዚል ሰጥቶ ሂፖካምፐሳቸውን ለካ። መድኃኒቱን የወሰዱት ሂፖካምፐሳቸው የሟሸሸበት ፍጥነት ካልወሰዱት በ45 በመቶ ያነሰ ሆነ። በማስታወስ ፈተና ግን ሁለቱ ቡድኖች አልተለያዩም። ይህን የምነግርዎት ዶኔፔዚል አንጎል ይጠብቃል ለማለት አይደለም፤ ያን ያህል ማስረጃ የለም። ፊልም ላይ የሚታየውና ቤት ውስጥ የሚታየው ሰው እየተለያዩ ሊሄዱ እንደሚችሉ ይዩልኝ ብዬ ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት ነው ቤተሰብን ወደ ስህተት ውሳኔ የሚገፋው።

ቢያቆሙትስ ምን ይሆናል? እንግሊዝ አገር በሽታው መካከለኛና ከባድ ደረጃ የደረሰባቸው፣ ቤታቸው የሚኖሩ 295 ሰዎች የተካፈሉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2012 ወጥቷል። ዶኔፔዚሉ የተቋረጠባቸው ካልተቋረጠባቸው ይልቅ በማሰብም በዕለት ተዕለት ሥራም ቀነሱ። በቀጣዩ ክትትል ደግሞ በመጀመሪያው ዓመት ወደ አረጋውያን መጦሪያ የመግባት ዕድላቸው በእጥፍ ገደማ ጨምሮ ተገኘ። እኛ አገር እንዲያ ያለ መጦሪያ የለንም ማለት ይቻላል፤ በእኛ ቤት ያ ልዩነት የሚወድቀው በእርስዎ ወገብ ላይ ነው። ማቆም የሚገባበት ጊዜ የለም አላልኩም። ልብ ካዘገየ፣ ራስ ካሳተ፣ ሰውነት እያከሳ ምግብ ከከለከለ ይቆማል። ያ ግን ከሐኪም ጋር፣ መጠኑን ቀንሶ፣ ለተወሰኑ ሳምንታት እየተከታተሉ የሚደረግ ነው።

አሁን ወደ ፌስታሉ። እኔ ጋ የሚመጣን ሰው ሁሉ «ቤት ያለውን መድኃኒት በሙሉ በፌስታል ይዘው ይምጡ» እላለሁ፤ የታዘዘውን፣ ጎረቤት የሰጠውን፣ ለጉንፋን ከፋርማሲ የተገዛውን ሳይቀር። ጠረጴዛ ላይ ሲዘረገፍ ኤምአርአይ የማይናገረውን ይናገራል። የእናትዎን ፌስታል ባላየውም የነገሩኝ ሦስት መድኃኒቶች ይበቁኛል።

ዶኔፔዚል ማታ ሲወሰድ ቅዠትና የተረበሸ እንቅልፍ የሚያመጣባቸው ሰዎች አሉ፤ የታወቀ ባሕርይው ነው። እናትዎ ማታ ይወስዳሉ፣ ሌሊት ይቃዣሉ። ለቅዠቱ አሚትሪፕቲሊን ተጨመረ። አሚትሪፕቲሊን ደግሞ አሲቲልኮሊን መልእክቱን የሚያደርስበትን በር ይዘጋል። ዶኔፔዚል የሚያጠራቅመውን ቅመም አሚትሪፕቲሊን ሥራ ያስፈታዋል፤ በአንድ እጅ መብራት እያበሩ በሌላው እንደማጥፋት ነው። አረጋዊ ላይ ብቻውን እንኳ ግራ መጋባት፣ የአፍ መድረቅ፣ የሆድ ድርቀት፣ ሽንት መቋጠር፣ መንገዳገድ ያመጣል። «በጣም ባሰባት» ካሉት ውስጥ ምን ያህሉ የአልዛይመር፣ ምን ያህሉ የአሚትሪፕቲሊን እንደሆነ ዛሬ ማንም ሊነግርዎት አይችልም፤ መድኃኒቱ ከወጣ በኋላ ግን ይታወቃል። ለጉንፋንና ለሰውነት ማሳከክ የሚሸጡት፣ እንቅልፍ የሚያመጡት ክሎርፌኒራሚንና ዳይፈንሃይድራሚንም ያው ሥራ ነው የሚሠሩት፤ ቤት ካሉ ያውጧቸው። ዳያዚፓም የሚባለው የማስተኛና የማረጋጊያ መድኃኒትም ለእሳቸው አይሆንም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ዶኔፔዚሉን ከማታ ወደ ቀን ያዙሩት። ይህ መድኃኒት ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት 70 ሰዓት ያህል ስለሚፈጅበት ሰዓቱን መቀየር ኃይሉን አይቀንሰውም። ባዶ ሆድ ላይ ማቅለሽለሽ ሊያመጣ ስለሚችል፣ በጾም ወቅት ቅዳሴ ወጥተው ከሚቀምሱት የመጀመሪያ ምግብ በኋላ ይስጧቸው፤ ዘጠኝ ሰዓትም ቢሆን ችግር የለውም። አሚትሪፕቲሊኑን ደግሞ ያዘዘው ሐኪም በጥቂት ሳምንት ውስጥ እየቀነሰ እንዲያወጣው ያድርጉ። በአንድ ሌሊት ማቋረጥ እንቅልፉን ጭራሹን ሊያሳጣ ይችላል።

አቴኖሎል የልብ ምትን ያዘገያል። ዶኔፔዚልም ያዘገያል። ሁለቱ ሲገናኙ ልብ ከሚገባው በታች ወርዶ ሰው ድንገት ሊወድቅ ይችላል። ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ አመታት የሚያሳየውን ምርመራ) ተነስተው ያውቃሉ? ካልተነሱ በዚህ ሳምንት ይነሱ። እስከዚያው እርስዎ ማድረግ የሚችሉት አለ። ቁጭ አድርገው፣ የእጃቸውን አንጓ ከአውራ ጣት በኩል በሁለት ጣት ይዘው፣ ሰዓት እያዩ ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ይቁጠሩ። ከ50 በታች ከሆነ፣ ወይም ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን ራሳቸውን ስተው ከነበረ፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ይውሰዷቸው። አቴኖሎሉን ራስዎ ድንገት አያቁሙት፤ እሱም ሲቋረጥ ልብ ላይ ይነሳል። ሐኪሙ የልብ ምት በማያዘገይ የደም ብዛት መድኃኒት ሊተካው ይችላል፤ አምሎዲፒን አንዱ ነው፣ በቀላሉም ይገኛል።

ደም ብዛት ካነሳን፣ «የነጭ ክፍል ለውጥ ደረጃ 2» የሚለው የእሱ አሻራ ሳይሆን አይቀርም። ከ0 እስከ 3 በሚሄደው መለኪያ 2 ማለት በጥቃቅን የደም ሥሮች መጎዳት የመጡት ነጠብጣቦች እርስ በርስ መያያዝ ጀምረዋል ማለት ነው። አልዛይመር ብቻውን አይደለም እንግዲህ፤ የደም ሥር ችግርም ተደርቦበታል። ብዙ አረጋዊ ላይ እንዲህ ነው። ከሁለቱ መካከል ዛሬ በእጃችን ልንይዘው የምንችለው ይኼኛውን ነው፦ ደም ብዛቱን በየሳምንቱ ለክቶ መጻፍ፣ ስኳር መመርመር፣ ጨው መቀነስ፣ መራመድ። ከማንኛውም አዲስ መርፌ በፊት የሚመጣ ሥራ ነው።

ወንድምዎ የሰሙት መድኃኒት አለ። ሌካኔማብ እ.ኤ.አ. በ2023፣ ዶናኔማብ በ2024 አሜሪካ ውስጥ ተፈቅደዋል። ከእነሱ በፊት በ2021 የተፈቀደው አዱካኑማብ ግን በ2024 አምራቹ ራሱ አቁሞታል። እነዚህ መድኃኒቶች በደም ሥር የሚሰጡ፣ አሚሎይዱን ለይተው የሚይዙ ፀረ እንግዳ አካላት ናቸው። አሚሎይዱን በእርግጥ ይጠርጋሉ፤ በዚህ ወንድምዎ አልተሳሳቱም። ጥያቄው የተጠረገለት ሰው ምን አገኘ ነው። 1,795 ሰዎች በተካፈሉበት የሌካኔማብ ጥናት ከ18 ወር በኋላ ሁለቱም ቡድኖች ወረዱ። መድኃኒቱን ያገኙት በ18 ነጥብ መለኪያ 1.21 ሲወርዱ ያላገኙት 1.66 ወረዱ። ልዩነቱ 0.45 ነው። «27 በመቶ አዘገየ» ተብሎ በየዜናው የተነገረው ይኼው ነው። ከንቱ ነው አልልም፤ በሽታው ገና ጀማሪ ለሆነበት ሰው ጥቂት ወራት ትልቅ ነገር ናቸው። ግን ሁለቱም ቡድኖች በአማካይ ወረዱ እንጂ አልተሻላቸውም፤ የሞተ ሴልም አይመለስም።

የፊልም ጥያቄዎ እውነተኛ ቦታው እዚህ ነው። አንጎልን ፊልም ላይ የሚለውጡት እነዚህ አዲሶቹ መድኃኒቶች ናቸው። አንዱ ለውጥ እብጠት ነው፤ አሚሎይዱ ከደም ሥር ግድግዳ ላይ ሲነሳ ግድግዳው ይሳሳና ፈሳሽ ወደ አንጎል ያፈተልካል። ሌላው ጥቃቅን መድማት ነው። በሌካኔማብ ጥናት እብጠቱ በ12.6 በመቶዎቹ ላይ ታይቷል፤ መድኃኒቱን ባላገኙት ላይ 1.7 በመቶ ነበር። መድማቱ 17.3 በመቶ ለ9 በመቶ ነው። በዶናኔማብ እብጠቱ 24 በመቶ ደርሷል፤ በዚያ ጥናት ሦስት ሰዎች ከዚሁ ጋር በተያያዘ ሞተዋል። አብዛኛው ሰው ምልክት እንኳ ሳይሰማው ያልፍለታል፤ ራስ ምታት፣ ግራ መጋባት፣ የዓይን ብዥታ፣ የሚጥል በሽታ የሚመጣባቸው አሉ። ኤፒኦኢ4 የሚባለውን ዘረመል ከእናትም ከአባትም የወረሰ ሰው ላይ ደግሞ የሌካኔማቡ እብጠት ወደ 33 በመቶ ይደርሳል። ለዚህ ነው ከመጀመሩ በፊት የዘረመል ምርመራ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ደግሞ ተደጋጋሚ ኤምአርአይ የሚጠየቀው። ያ ኤምአርአይ የተፈለገው አንጎሉ ዳነ አልዳነም ለማየት ሳይሆን አብጧል ወይ፣ ደምቷል ወይ ለማለት ነው።

ሦስተኛው ለውጥ ለቤተሰብ ማስረዳት የሚከብደኝ ነው። ሌካኔማብ የወሰዱ ሰዎች ሙሉ አንጎላቸው ካልወሰዱት ይልቅ በመጠን ቀንሶ፣ በመካከሉ ያሉት የፈሳሽ ክፍተቶችም ሰፍተው ተገኝተዋል። ሂፖካምፐሳቸው ግን የቀነሰው ባነሰ ፍጥነት ነው። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002፣ ከታከሙት 6 በመቶ ያህሉ አንጎላቸው ስለተቆጣ የተቋረጠ የአልዛይመር ክትባት ሙከራ ነበር። በዚያ ሙከራም ክትባቱ የሠራላቸው ሰዎች አንጎል የበለጠ አንሶ፣ የማሰብ ችሎታቸው ግን የባሰ ሳይሆን ታየ። አሚሎይዱ ሲወጣ ቦታው ስለሚጎድል ነው የሚሉ አሉ፤ ሌላ ጉዳት ሊሆን ይችላል ብለው የሚሠጉም አሉ። ክርክሩ አልተዘጋም። እናንተ «አንጎል አሟሸሸ» ብላችሁ የፈራችሁት ዶኔፔዚል ይህን አያደርግም፤ ተስፋ ያደረጋችሁበት መርፌ ግን ፊልም ላይ ያሳየዋል።

ለእናትዎ ልመክረው የማልችለው ከሁሉ በላይ ግን በደረጃው ነው። እነዚህ መድኃኒቶች የተፈተኑትም የተፈቀዱትም ጀማሪ ደረጃ ላይ ላሉ፣ በአብዛኛው ራሳቸውን ችለው ለሚኖሩ ሰዎች ነው። ልብስ ለመልበስ ሰው የሚያስፈልጋቸው፣ ሃምሳ ዓመት የተመላለሱበት መንገድ የሚጠፋባቸው ሰው ያን ደረጃ አልፈዋል። አሚሎይድ መኖሩ በፔት ምርመራ ወይም ከጀርባ በሚቀዳ ፈሳሽ መረጋገጥ አለበት። ሌካኔማብ ሲጀመር በየሁለት ሳምንቱ ነው የሚሰጠው፤ አምራቹ ገበያ ላይ ሲያወጣው ለመድኃኒቱ ብቻ የቆረጠው ዋጋ በዓመት 26,500 ዶላር ነበር። ለጉብኝት የሄደ ሰው በአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን መድን አይሸፈንም። አንድ ቀን ራስ ምታት ቢነሳባቸው፣ ሜሪላንድም ይሁኑ አዲስ አበባ፣ በዚያው ቀን ኤምአርአይ የሚያነሳና እብጠቱን ለይቶ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። የደም ማቅጠኛ ከታዘዘላቸው ደግሞ የመድማቱ አደጋ የባሰ ነው። ለወንድምዎ ይህን መልሴን ያንብቡላቸው። እዚያ ሆነው መርዳት ከፈለጉ፣ እርስዎ በሳምንት ሁለት ቀን እንዲያርፉ የሚያግዝ ሰው ደመወዝ ይላኩ።

ገፋ ላለ ደረጃ የሚታሰበው ሌላው መድኃኒት ሜማንቲን ነው። በ5 ሚሊግራም ተጀምሮ በየሳምንቱ 5 እየጨመረ እስከ 20 ይደርሳል፤ ኩላሊት ከደከመ መጠኑ ይቀነሳል። ከዶኔፔዚል ጋር አብሮ ሊሰጥ ይችላል፤ ጥቅሙም እንዲሁ ትንሽ ነው። አሁን ግን አይጨመር። መጀመሪያ አሚትሪፕቲሊኑ ይውጣ፣ ሁለት ወር ይቆይ፣ ከዚያ ሐኪሙ ያስብበት። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ከተለወጠ የትኛው እንደጠቀመ አይታወቅም።

ደሞ የሰፈሩ ነገር። «ሰፈራችን ፈርሶ ባሰባት» ያሉትን በሽታው ድንገት ዘለለ ብለው አይውሰዱት። ሂፖካምፐሱ የደከመ ሰው የሚንቀሳቀሰው በአሮጌው ልማድ ነው፤ እጁ የመብራት ማብሪያውን ያውቃል፣ እግሩ የሽንት ቤቱን መንገድ ያውቃል፣ የጎረቤት ድምፅ ሰዓቱን ይነግረዋል። ያ ሁሉ በአንድ ሳምንት ሲወሰድ ተሸፍኖ የኖረው ጉድለት ይገለጣል። አዲስ ቦታ መማር ደግሞ የሂፖካምፐስ ሥራ ነው። እናትዎ ቤት ውስጥ እያሉ «ቤቴ ውሰጂኝ» ይሉ ይሆናል። «ፈርሷል እኮ» ብለው በየቀኑ አያርዷቸው። የድሮውን የአልጋ ልብስ፣ ሥዕለ አድኅኖውን፣ ረከቦቱን እዚያው በነበረበት አቅጣጫ ያኑሩላቸው፤ የሽንት ቤቱን መብራት ሌሊቱን አብርተው ይተዉት። ይህን ለማዘዝ የሐኪም ወረቀት አያስፈልገኝም፤ ሲሠራ ግን ደጋግሜ አይቻለሁ።

ከዚህ በፊት ካልተሠሩ የሚሠሩ ምርመራዎችም አሉ። ቫይታሚን ቢ12፣ ታይሮይድ፣ ኤችአይቪ፣ ቂጥኝ፣ የደም ማነስ፣ ኩላሊት፣ ጨውና ስኳር። ሊታከም የሚችል ነገር አልዛይመር ላይ ተደርቦ ሊገኝ ይችላል። መስማትና ማየታቸውንም ያስመርምሩ። ሞራ የሸፈነው ዓይን ሰውን ግራ ያጋባል፤ ይነሳል ደግሞ።

መድኃኒቱ ይሥራ አይሥራ በምን እናውቃለን? ሰዓት ሥዕል የማስሳልና ከመቶ ሰባት ሰባት የማስቀነስ ፈተና ትምህርት ቤት ላልገባ ሰው ፍርደ ገምድል ነው። እኔ የምጠይቀው ስለ ቡና ነው። አንዲት እናት ልጃቸው «ቡና ያፈላሉ» አለችኝ። በደንብ ስጠይቃት፣ ቆልተው ሳይወቅጡ ፍሬውን እንዳለ ጀበና ውስጥ ይጨምራሉ፤ ወይም አቦሉን ቀድተው ለቶናው ውሃ መጨመር ይረሳሉ። ያ ከማንኛውም ነጥብ በላይ ነገረኝ። እርስዎም አምስት ነገር መርጠው ደብተር ላይ ይጻፉ፦ ቡናው፣ ልብሱ፣ ሽንት ቤቱ፣ የሌሊት እንቅልፉ፣ የሰው ስም። ዛሬ ምን ላይ እንዳሉ ይመዝግቡ፣ ከሦስት ወር በኋላም ይመዝግቡ። ለሐኪሙ ይዘው የሚሄዱት ይህን ደብተር ነው። በየዓመቱ ኤምአርአይ ማስነሳት ለእሳቸው ሕክምና የሚለውጠው ነገር የለም፤ ገንዘቡንም እንግልቱንም ይተዉት።

ኤምአርአይ ወይም ሲቲ ስካን እንደገና የሚያስፈልግበት ጊዜ ግን አለ፣ ያኔ አይዘግዩ። ወድቀው ጭንቅላታቸው ከተመታ፣ ከሳምንታት በኋላም ቢሆን እንቅልፍ እንቅልፍ ካላቸው ወይም አንድ ጎናቸው ከደከመ፣ በአንጎልና በራስ ቅል መካከል ደም ተጠራቅሞ ሊሆን ይችላል። በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ድንገት ከተለወጡ፣ ያ የአልዛይመር አካሄድ አይደለም፤ የሽንት ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ምች፣ የውሃ እጥረት ወይም አዲስ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። የሚጥል ነገር ከመጣ፣ ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። ዶኔፔዚል የሆድ አሲድ ስለሚጨምር፣ ለጉልበት ሕመም ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ከደረቡበት ጨጓራ ሊደማ ይችላል፤ ለሕመም ፓራሲታሞል ይስጧቸው።

ጸበል የሚወስዷቸው ከሆነ ይውሰዷቸው፤ መድኃኒቱም አብሮ ይሂድ። ከሳምንት በላይ ከተቋረጠ ግን ተመልሰው በ10 ሚሊግራም አይጀምሩ። ሐኪሙ በ5 ጀምሮ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ቆይቶ ከፍ ያደርገዋል።

እናትዎን በአካል አልመረመርኳቸውም፤ የልብ ምታቸውን አልያዝኩም፣ ፊልሙን አላየሁም። ከዚህ ሁሉ ግን አንዱን ብቻ በዚህ ሳምንት ያድርጉ ቢሉኝ ኢሲጂውን እላለሁ። ሁለተኛው ዶኔፔዚሉን ወደ ቀን ማዞርና የአሚትሪፕቲሊኑን ቀጠሮ መያዝ ነው። ሲዲዎቹ ይደርሳሉ።

ጊዮርጊስንም አይከልክሏቸው። አብሯቸው የሚሄድ ሰው ይኑር፤ ሳይታይ ወጥተው እንደሆነም የበሩ ጥበቃና ደጀ ሰላሙ አካባቢ ያሉት ፊታቸውን እንዲያውቁ ያስተዋውቋቸው። ወረቀት ይጥሉታል፣ ቦርሳ ይረሱታል። ስልክ ቁጥርዎን በነጠላቸው ጥለት ጀርባ በክር ይጥለፉበት።